የቆየ የቮልስ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ፑሊውን ሳቡት

ለአሮጌ ቮልስ ፕሮጀክት ያገለገለ ሞተር አግኝታችኋል? እሰየው! ግን «አስነስቼ ልስማው» ብላችሁ ወደ ሞተሪኖው አትሩጡ።

መጀመሪያ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን መዘውር፣ በሁለት እጅ ጨብጡና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ መልሳችሁ ግፉት። ቀጭ ቀጭ ካለ ክራንክሻፍቱ ቦታው ላይ ይጫወታል ማለት ነው። ጤነኛው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚንቀሳቀስ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ ተበትኖ መሠራት አለበት። ያንን ትቶ ቀለም መቀባት ትርፉ ድካም ነው። ሻጩ «ምንም አይልም» ቢላችሁ እንኳ ዋጋው ላይ ተከራከሩ።

ፑሊው ደህና ከሆነ ካንዴላዎቹን ፍቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። በማግስቱ ቀስ እያላችሁ በእጅ አዙሩት።

አሮጌውን ዘይት አፍስሱ፤ አዲስ 2.5 ሊትር ይበቃዋል። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የዘይት ፊልትሮ አልሠራለትም፤ ያለችው ከሥር የተቀመጠች ወንፊት ናት። አውጥታችሁ በነጭ ጋዝ እጠቧት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከያዘች ቤሪንጎቹ እያለቁ ነው።

የቫልቭ ክፍተቱን (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጉት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ እያለ። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ ለሦስተኛው ሲሊንደር ልዩ ትኩረት ስጡ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል።

የቤንዚን ጎማዎቹን ደግሞ ሳታዩ ቀይሯቸው። ብዙ ቮልስ በእሳት ያለቀው በተሰነጠቀ ጎማ ነው።