የሰው በዓል መዝናኛ ፓርክ ሲገባ፦ አዘጋጆች የሚሳሳቷቸው ነገሮች

የአሜሪካ ትልልቅ መዝናኛ ፓርኮች ዓመቱን በየሕዝቡ በዓል ሞልተውታል። የእኛም ልጆች እዚያ እያደጉ ነው። አንድ ልጅ የጎረቤቱን በዓል መጀመሪያ የሚያየው ፓርክ ውስጥ ከሆነ፣ የሚያየው ነገር ትክክል መሆን አለበት።

የሙታን ቀንን ከሃሎዊን ጋር መቀላቀል

ሃሎዊን ሰው በሚያስፈራ ልብስ የሚከበር በዓል ነው። ሰሞኑ ከሙታን ቀን ጋር አንድ ነው፤ የራስ ቅሉም በሁለቱም አለ። የሜክሲኮ ሰዎች ግን ኖቬምበር 1 እና 2 ማንንም ለማስፈራት አይደለም የሚያከብሩት። ሟቹን እቤት ይቀበላሉ። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሻማ፣ ይወደው የነበረ ምግብ፣ ከመንገድ ሲመጣ የሚጠጣው ውሃም ይኖራል። ቤቱ እንዳይጠፋው ብርቱካናማ አበባ ይነሰነሳል። ተዝካር አውጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ባዳ አይደለም። እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ዞምቢ ማቆም ያሳዝናል። ካሊፎርኒያ ያለው የዲስኒ ፓርክ ግን ጎብኚዎች ለሞቱባቸው ሰዎች ማስታወሻ ጽፈው የሚሰቅሉበት ግድግዳ አዘጋጅቶ ያውቃል። እኔ ከሁሉም ይሄን ወድጄዋለሁ፤ መጤውም የራሱን ሟች ያስብበታል።

የበዓሉን ስም የግል ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2013 ዲስኒ ለሚሠራው ፊልም ሲል "ዲያ ዴ ሎስ ሙዌርቶስ" የሚለውን የሙታን ቀንን የስፓኒሽ ስም በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ አመለከተ። ላቲኖዎች ተቆጡ፤ ፊርማ አሰባሰቡ። ኩባንያው ማመልከቻውን ወዲያው አነሳ። በኋላም አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱን፣ ካርቱኒስቱን ላሎ አልካራዝን፣ የፊልሙ አማካሪ አደረገው። ከመጀመሪያው ቢጠይቁ ኖሮ ያ ሁሉ ቁጣ ባልመጣ ነበር።

የጨረቃ አዲስ ዓመትን ለቻይና ብቻ መስጠት

ኮሪያዎች ሶላል፣ ቬትናሞች ቴት ይሉታል። ዓመቱ በእንስሳ ስም ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. 2023 ለቻይናዎች የጥንቸል፣ ለቬትናሞች የድመት ዓመት ነበር። ጥንቸል ብቻ የሰቀለ ፓርክ ቬትናሙን እንግዳ ረስቶታል።

ክዋንዛን "የአፍሪካ ገና" ማለት

ይቺኛዋ እኛንም ትነካለች። ክዋንዛ እ.ኤ.አ. በ1966 በጥቁር አሜሪካዊው ምሁር በማውላና ካሬንጋ አማካይነት አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ነው። ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ይከበራል፤ ሰባቱ ሻማዎች ለሰባት መርሆች ናቸው። የሃይማኖት በዓል አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው "እናንተም ክዋንዛ ታከብራላችሁ አይደል?" ሲባል ግራ ይገባዋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ብዙው ሰው ዛፉን ካወረደ በኋላ።

ልብሱን አምጥቶ ሰውየውን መተው

ልብስና ምግብ ማቅረብ ይቀላል፤ ሰው ማቅረብ ግን ይከብዳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ስለ በዓሉ የሚያወራው ማን እንደሆነ ነው። ፍሎሪዳ ያለው የዲስኒ ፓርክ ኤፕኮት ስለ ሃኑካ (የአይሁዶች የስምንት ቀን የሻማ በዓል) እና ስለ ክዋንዛ የሚተርኩ ሰዎችን መድረክ ላይ ያወጣል። ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ "የሃኑካው ሻማ ለምን ስምንት ሆነ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለው ማለት ነው።