ፍራንክፈርት ካላችሁ አንድ ቀን ለሩደስሃይም ስጡ

ፍራንክፈርት የምትኖሩ ወይም ዘመድ ጥየቃ የመጣችሁ፣ ቅዳሜን ቤት አትዋሉ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ አርቤ 10 (RB10) የሚባለውን ባቡር ያዙ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ቢል ነው፣ ራይን ወንዝ ዳር ያለችው ሩደስሃይም ትደርሳላችሁ። የዶይችላንድ ቲኬት (በመላ ጀርመን ለከተማና ለአካባቢ ትራንስፖርት የሚያገለግለው የወር ቲኬት) ካላችሁ ለባቡሩ ሌላ ክፍያ የለም። ቪስባደንን ካለፋችሁ በኋላ በጉዞው አቅጣጫ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ወንዙ በዚያ ነው።

ከተማው ውስጥ ብዙ አትቆዩ። ድሮስልጋሰ የሚሏት ጠባብ መንገድ ታምራለች፣ ግን ሰው ይበዛባታል። ቀጥታ ወደ ኬብል መኪናው ሂዱና የደርሶ መልስ ሳይሆን ‹‹ሪንግቲኬት›› የሚባለውን፣ ማለትም መውጫውን፣ በሌላ በኩል መውረጃውንና የጀልባ መመለሻውን አንድ ላይ የያዘውን የዙር ቲኬት ጠይቁ። ዋናው ምክሬ ይኼ ነው። ስትወጡ ፊታችሁን ወደ ወንዙ አዙራችሁ ተቀመጡ። የወይኑ ተክል ረድፍ በረድፍ ከእግራችሁ ስር ሲያልፍ፣ ራይን ደግሞ ከታች እየሰፋ ሲሄድ ታያላችሁ። እኔ ሁሌም እዚያች ላይ ዝም እላለሁ።

ላይ በ1883 የተመረቀው የኒደርቫልድ ሐውልት አለ። ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ቀጥሉ፤ መንገዱ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ ልጆችም አይደክሙም። ‹‹ጻውበርሆለ›› (የአስማት ዋሻ) የምትባለውን ጨለማ ዋሻ አትለፏት። ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሳችሁ ሄዳችሁ፣ ጫፏ ላይ ድንገት ብርሃንና ሸለቆው ይከፈትላችኋል። ልጆች ‹‹እንደገና!›› ማለታቸው አይቀርም።

መውረጃው በወንበር ኬብል ወደ አስማንስሃውዘን ነው፤ ከዚያ በጀልባ ትመለሳላችሁ። በጀርመን የብርድ ወራት ኬብሉ ስለሚዘጋ ቀኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ጫካው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሞልቷል።