ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ሠራተኛውን ለብቻው አናግሩት

ኮምቦልቻ ውስጥ የጭነት መኪና ሣጥን በሚሠራ ወርክሾፕ ግዥ ላይ ነው የምሠራው። ላሜራ፣ የወንበር ቆዳ፣ ባትሪ፣ ቀለም እገዛለሁ። የምንገዛው ዕቃ በዘመናዊ ባርነት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ ባርነት ሲባል ግን ብዙዎቻችን ሰንሰለት ነው የሚታየን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ላይ እንደነበር ገምቷል። በግዳጅ የሚሠራ ሰው ልሂድ ቢል አይችልም፤ ወይ ዕዳ አለበት፣ ወይ መታወቂያው ተይዟል፣ ወይ የወራት ደመወዙ አልተከፈለውም።

መጀመሪያ የምትገዙትን ሁሉ ጻፉና ከየት እንደሚመጣ ከጎኑ አስፍሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኮባልት አብዛኛው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ቀለም የሚያብለጨልጨው ማይካ ከሕንድና ከማዳጋስካርም ይወጣል። በሁለቱም ማዕድን ሕፃናት ይሠራሉ። እዚያ ድረስ መሄድ አንችልም፣ አስመጪውን ግን ምንጩን በጽሑፍ ጠይቁት። ከሸሸ ሌላ ፈልጉ።

የቅርቡን በዓይናችሁ እዩት። አንድ ጊዜ አሮጌ ባትሪ የሚፈታበት ቤት ሄጄ አንድ ልጅ አገኘሁ። ጣቶቹ በአሲድ ተላልጠዋል። ዕድሜውን ስጠይቀው መጀመሪያ አሠሪውን አየ፣ ከዚያ «18» አለኝ። በማግስቱ አሠሪው በሌለበት ልጁን ሻይ ጋበዝኩት። 13 ዓመቱ ነው፣ የሚተኛው እዚያው ካርቶን ላይ ነው። «ደመወዝህ ስንት ነው?» አላልኩትም፣ ይህን ጥያቄ ሁሉም ለምዶታል። «እጅህ ላይ ስንት ይገባል?» አልኩት። «ምንም፣ የመጣሁበትን የትራንስፖርት ዕዳ ከፍዬ እስክጨርስ ደላላው ነው የሚቀበለው» አለኝ። እናንተም እንደዚህ ጠይቁ፣ ከአሠሪው ርቃችሁ፣ ስሙን ሳትጽፉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። 18 ያልሞላውንም አደገኛ ሥራ ላይ፣ በሌሊት ወይም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ በዚያው ቀን ግዥ አቁማችሁ አትሂዱ። ልጁን ደላላው ሌላ ቦታ ይወስደዋል፣ ከዚያ በኋላ አታገኙትም። ቀድማችሁ የከተማውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አማክሩ፣ ቤተሰቡ ይፈለግ፣ ከዚያ ለአሠሪው ምን እንደሚያስተካክልና እስከ መቼ በግልጽ ንገሩት። ሰው ተቆልፎበት ወይም እየተደበደበ ከሆነ ግን ቀጥታ ፖሊስ ነው።

የራሳችሁንም አሠራር እዩ። ሐሙስ ማታ ደውላችሁ «ለቅዳሜ 30 ወንበር አልብስልኝ» ካላችሁ፣ ዋጋውንም ከጨመቃችሁ፣ ሰፊዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ላይ ያድራሉ። ክፍያ ስታዘገዩም መጀመሪያ የሚጎዳው የእነሱ ደመወዝ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት እናዛለን፣ ዕቃው በገባ በሳምንቱ እንከፍላለን።

ልጁ አክስቱ ጋ ሆኖ ትምህርት ጀምሯል። አብሮት የመጣው ጓደኛው ግን ወዴት እንደተወሰደ እስካሁን እየጠየቅን ነው።