በእንግሊዝ የግል ፓርኪንግ ክስ ሲደርስዎ መልስ አሰጣጥ

በእንግሊዝና በዌልስ የግል ፓርኪንግ ድርጅት የሚልከው የክፍያ መጠየቂያ የመንግሥት ቅጣት ሳይሆን በውል ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ከካውንቲ ፍርድ ቤት የሚመጣው የክስ ማመልከቻ ግን ፈጽሞ ችላ ሊባል አይገባም። ክሱ ከወጣ በ5ኛው ቀን እንደደረሰዎ ይቆጠራል፤ ከዚያ በ14 ቀናት ውስጥ መድረሱን ለፍርድ ቤቱ ካሳወቁ፣ መከላከያዎን ለማስገባት በጠቅላላው 28 ቀን ያገኛሉ። ዝም ካሉ በሌሉበት ሊፈረድብዎ ይችላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ያልተከፈለ ፍርድም ለ6 ዓመት ተመዝግቦ ስለሚቆይ ብድርና የቤት ኪራይ ያሰናክላል።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መመርመር ያለበት ቀኑ ነው። በ2012 በወጣው የነፃነቶች ጥበቃ ሕግ አባሪ 4 መሠረት፣ በመስታወቱ ላይ ወረቀት ካልተለጠፈና አሽከርካሪው ካልታወቀ፣ ድርጅቱ መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው ተጠያቂ ማድረግ የሚችለው የክፍያ መጠየቂያ ማስታወቂያው መኪናው ከቆመበት ማግስት ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ከደረሰ ነው። ስለዚህ ማን እንደነዳ ከመጻፍዎ በፊት ቀኖቹን ያመሳክሩ። መከላከያው እውነት መሆኑን በፊርማ የሚያረጋግጡበት ሰነድ ስለሆነ፣ ነድተው ሳለ አልነዳሁም ማለት ግን ከባድ ጥፋት ነው።

ቀጥሎ መኪናው በቆመበት ሰዓት፣ ምሽት ከነበረ በምሽት፣ ቦታው ሄደው ከሾፌሩ ወንበር ሆነው ምልክቶቹን ፎቶ ያንሱ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓርኪንግአይ የተባለ የግል ፓርኪንግ ድርጅት የጠየቀውን 85 ፓውንድ ሲያጸድቅ ምልክቶቹ ትልልቅና ግልጽ መሆናቸውን ከግምት አስገብቷል፤ ስለዚህ «ገንዘቡ በዛ» ብቻ ማለት አያዋጣም። ድርጅቱ ከባለመሬቱ ያገኘውን ሥልጣን በጽሑፍ እንዲያስረዳም በመከላከያዎ ይጠይቁ።