ሼም ይዞን የቀረንባቸው ነገሮች፦ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ እንዴት መልመድ ይቻላል?

እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ አነሳሁ። ከዚያ ራሴን አከክሁበት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ የሰፈር ስብሰባ ላይ ነው። በራችን ላይ ስላለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የምናገረው ነበረኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከሳሎን ውሃ የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መድረኩ ክፍት ሲሆን ግን ልቤ ድው ድው አለ። ምላሴ ተሳሰረ። ስብሰባው አልቆ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ለብቻዬ የተናገርኩትን ብትሰሙ ታጨበጭቡ ነበር።

ለዓመታት «ድፍረቱ ሲመጣ እናገራለሁ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አይመጣም። ድፍረት የሚመጣው ነገሩን እየፈራን ስናደርገው ነው፣ ያውም ዘግይቶ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ የሞከርኩትና የሠራልኝ ይህ ነው።

ፍርሃቱን አጥብቡት

«ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ» በጣም ሰፊ ነው። የት? ማን ፊት? ምን ይደርስብኛል ብላችሁ? ወረቀት አምጡና ጻፉት። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ይስቁብኛል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ያሳፍረኛል።»

ወረቀቱ ላይ ስታዩት አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። እኛ ጋ ፍርሃት የምንለው አብዛኛው ይሉኝታ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ይሉኝታ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንግዳ ተቀብለን የምናስተናግደውም በእሱ ነው። ግን አፍ ሲያስይዝ ልክ ማበጀት ያስፈልጋል።

በዚህ አጋጣሚ፣ የሚያስፈልግ ፍርሃትም አለ። ሐይቁ ላይ ጀልባ ቀዛፊው «ወደ ጉማሬው አንጠጋም» ካላችሁ እሺ በሉ። ጉማሬን መፍራት ጤንነት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለማይነክሰው ፍርሃት ነው።

ሰውነታችሁን አትጣሉት

ስትፈሩ ከኩላሊት በላይ ካለች ትንሽ እጢ አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል። ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል እየተዘጋጀ ነው። ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አየር በአፍንጫ ስባችሁ ከሳባችሁት ረዘም አድርጋችሁ ብታስወጡ ትንሽ ያበርዳል። ትንሽ ነው ያልኩት። መተንፈስ ብቻውን ማንንም ተናጋሪ አያደርግም።

መሰላል ሥሩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጥንቸል ስለሚፈራ ሦስት ዓመት ገደማ ስለሆነው ልጅ ጽፋ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አስጠጉለት። በመጨረሻ ራሱ ይዳብሳት ጀመር። ኋላ ላይ ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ይህን መንገድ በደንብ አደራጀው። ፍርሃትን ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጡ ከትንሹ ወደ ትልቁ መውጣት ማለት ነው።

የእኔ መሰላል የሐዋሳ መሰላል ነው።

ከታች፣ 20 የሰጠሁት፣ «ወራጅ አለ!» ማለት ነበር። አትሳቁ። ጮክ ብሎ ለመናገር ሼም ይዞት ፌርማታው ያለፈው ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳችሁ፣ እዚያ መውረድ የፈለጋችሁ መስላችሁ፣ ስልክ እያያችሁ ወደ ኋላ የተመለሳችሁ እጃችሁን አውጡ።

30 የነበረው የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መመለስ ነው። «ቆሮሶው ስንት ነው? እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መሄድ። ይህ ለይሉኝተኛ ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያ ቀን አልቻልኩም፤ ሦስት ዓሣ ገዝቼ ገባሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይቀሩ የታዘቡኝ መሰለኝ።

45፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር የማላውቀውን ሰው «ፎቶ ታነሳኛለህ?» ማለት። 55፦ በተሰባበረ ሲዳምኛ ሰላም ማለት። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖሬ፣ እንዳልሳሳት ብዬ አፌን ዘግቼ ነበር። ሰላም ያልኳቸው ሴትዮ ሳቁ፤ እውነት ነው፣ ሳቁ። ከዚያ አስተካክለው አስደገሙኝ። አሁን ባዩኝ ቁጥር ያስጠኑኛል። 70፦ አምስት ስድስት ሰው ቡና ሲጠጣ አንድ ወግ ጀምሮ መጨረስ። 90 ላይ ስብሰባው ተቀምጧል።

የእናንተ መሰላል ሌላ ይሆናል። ለሥራ ማመልከት፣ ብቻ መጓዝ፣ «አልችልም» ማለት፣ ሊሆን ይችላል። 20 ወይም 30 አካባቢ ካለው ጀምሩ። ጭራሽ የማያስፈራ ነገር ምንም አያስተምርም። 90 ላይ መዝለል ደግሞ ብዙ ጊዜ አስደንግጦ ይመልሳል።

አትሽሹ፤ ድገሙት

ከሚያስፈራን ነገር ስንሸሽ ወዲያው ቅልል ይለናል። ችግሩ እሱ ነው። ያ ቅልል ማለት ለአእምሯችን «ያዳነህ መሸሽህ ነው» ብሎ ይነግረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ወፍሮ ይመጣል። ስለዚህ ማዕበሉ ትንሽ እስኪወርድ እዚያው ቆዩ። አንድ ጊዜም አይበቃም። ዋጋ ጥያቄውን ስድስት ቀን ነው የመላለስኩት። 30 የነበረው 10 ሲሆን ወደ ላይኛው ወጣሁ።

ምርኩዝ ተጠንቀቁ። ስልክ መነካካት፣ ሁልጊዜ ጓደኛ አስከትሎ መሄድ፣ ከወረቀት ላይ አንገት ደፍቶ ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ ሸሽቶ የመቆያ ዘዴዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ቀን ይሁን። ከዚያ አንድ በአንድ ጣሏቸው።

ትንቢታችሁን መዝግቡ

ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚደርስባችሁ ጻፉ። ስትመለሱ ምን እንደደረሰ ከጎኑ ጻፉ። የእኔ ደብተር ላይ በግራ በኩል «ይሰድቡኛል» ይላል፤ በቀኝ በኩል «ሌላ ደንበኛ እያስተናገዱ ስለነበር አልሰሙኝም» ይላል። ከዚህ በላይ ያሳቀኝ ንባብ የለም።

የከፋ ቀን ይኖራል። ስትንተባተቡ ሙድ የሚይዝባችሁ ሰውም ይገጥማል። ያን ቀን አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ድገሙ፤ ከመሰላሉ ግን አትውረዱ። ፍርሃቱ ከቤት መውጣት፣ መሥራት ወይም መተኛት እስኪከለክላችሁ ከደረሰ ግን ለብቻ አትታገሉት። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አነጋግሩ። ዎልፒም ይህን የሠራው ከታካሚዎቹ ጋር ሆኖ ነው።

ቀጣዩ የሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን አነሳሁ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ድምፄም እንደፈራሁት ቀጥኖ ወጣ። ስለ ቦዩ ያለኝን ሁሉ ተናግሬ ልቀመጥ ስል፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተነሱ።

«ልጄ፣ ከዚህ አይሰማም። እስቲ ጮክ ብለህ ከመጀመሪያው ድገመው።»

ደገምኩት።