የሥጋ መቀቢያና ማራሻ ዕቃ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥሩ ሥጋ ተገዝቶ፣ ቅመሙ ከማታ ጀምሮ ታሽቶበት፣ ፍሙም በወጉ ተያይዞ ሳለ ነገሩን የሚያበላሸው አንዳንዴ ትንሽ ዕቃ ነው። ሶስ የምንቀባበት፣ ወይም ሥጋው እንዳይደርቅ የምናርስበት ዕቃ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳይጨነቅ እጁ የገባውን ያነሳል።

ምን እንደምትቀቡ ሳታስቡ መግዛት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መጀመሪያ ፈሳሹን እዩት። ቲማቲም፣ ስኳር ወይም ማር የገባበት ወፍራም ሶስ ብሩሽ ይፈልጋል። ለዚህ የሲሊኮን ብሩሽ ጥሩ ነው። በኮምጣጤ ወይም በሾርባ የቀጠነ ማራሻ ግን ሲሊኮን ላይ አይቆይም። ሲሊኮን ፈሳሽ ስለማይመጥ፣ ከሳህኑ አንስታችሁ ሥጋው ጋ እስክትደርሱ ግማሹ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ለቀጭን ፈሳሽ የጥጥ ሞፕ (ለምግብ የተሠራውን ትንሹን) ወይም መርጫ ጠርሙስ ያዙ። ሞፑ ብዙ ፈሳሽ ስለሚይዝ እንደ ደረትና ትከሻ ላሉ ትልልቅ ብልቶች ይመቻል። ለዶሮ ክንፍ ግን ይበዛል፤ ብሩሽ ይበቃል።

ቅመሙን አጥቦ የሚወስድ ዕቃ

በጭስ በቀስታ ስታበስሉ ቅመሙ መጀመሪያ ላይ እርጥብ ነው፤ ሥጋውን ገና አልያዘም። በዚህ ሰዓት ብሩሽ ከጎተታችሁበት ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ብሩሹ በቅመም ይጠቁራል፣ ሥጋው ደግሞ ቦታ ቦታው ላይ ይገረጣል። ያ ጥቁርና ጣፋጭ ቅርፊት ከዚያ በኋላ እንደ ልብ አይመጣም። ስለዚህ ታገሱ። ለትልቅ ሥጋ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሰዓት ያስፈልጋል። ጫፉን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ቅመሙ ጣታችሁ ላይ ከመጣ ገና ነው። ሲይዝም በመርጫ እርጩት፣ ወይም በሞፕ ጠብ ጠብ አድርጉበት እንጂ አትጥረጉት።

ፍጥነትም እዚህ ጋ ይገባል። በጭስ ማብሰያ አብዛኛውን ጊዜ ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ይሠራል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ያ ሙቀት ይወጣል። ማራሻውም ሲተን ሥጋውን ያቀዘቅዘዋል። መርጫ በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሳል፤ ትንሽ ብሩሽ ይዛችሁ ትልቅ ሥጋ ላይ ከቆማችሁ ግን ማብሰያው ይበርዳል። በየ15 ደቂቃው መክፈትም አያስፈልግም፤ በሰዓት አንዴ በቂ ነው። ስኳር ያለበት ሶስ ቶሎ ስለሚያር ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

መርጫ ውስጥ ያገኙትን መጨመር

ደቀቅ ያለ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቁንዶ በርበሬ ያለበት ፈሳሽ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አጥልላችሁ ጨምሩ። ዘይት የበዛበትን ፍም ላይ አትርጩ፤ እሳቱ ቦግ ይላል። የጽዳት ኬሚካል የነበረበትን ጠርሙስ ደግሞ ምንም ያህል ብታጥቡት ለምግብ አትጠቀሙበት። ለምግብ የሚሆን አዲስ ጠርሙስ ግዙ።

የሚችለውን ሙቀት አለማንበብ

የሲሊኮን ብሩሾች እንደ አሠራራቸው ከ200 እስከ 260 ዲግሪ አካባቢ ይችላሉ። ልኩ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ፍም ላይ ያለ የብረት ፍርግርግ ግን ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል ብሩሹን እዚያ ላይ አታስቀምጡት። የናይሎን ጸጉር ይቀልጣል። የእንስሳ ጸጉር አይቀልጥም፣ ቀጭን ፈሳሽም ከሲሊኮን በተሻለ ይይዛል፤ ግን ያራል፣ ይነቀላልም። ከመግዛታችሁ በፊት ጸጉሩን ጎተት አድርጉት። እጃችሁ ላይ ከቀረ ነገ ሥጋው ላይ ይቀራል። የቀለም ብሩሽ ለምግብ አልተሠራም፤ ርካሽ ነው ብላችሁ አታምጡት።

አጭር እጀታ

ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን እጀታ እጃችሁን ከእሳቱ ያርቃል። ከዚያ ካጠረ ለመጥበሻ እንጂ ለፍም አይሆንም።

ለጥሬውም ለበሰለውም አንድ ብሩሽ

በተለይ ዶሮ ላይ ይሄ አደገኛ ነው። ጥሬ ሥጋ የነካ ብሩሽ ሶሱን ይበክላል፣ ያ ሶስ ደግሞ የበሰለውን። ሁለት ብሩሽ ይኑራችሁ፣ ቀለማቸው ቢለያይ ይመረጣል። ሶሱንም ከዋናው ዕቃ ለየት አድርጋችሁ በትንሽ ሳህን ቅዱ። ጥሬ ሥጋ የነካ ብሩሽ የገባበት ትርፍ ሶስ በደንብ ሳይፈላ ገበታ ላይ አይቅረብ።

ስትገዙ የአስተጣጠቡን ነገርም አስቡ። ጭንቅላቱ ከእጀታው የሚወልቅ ዕቃ ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ ስብ የሚደበቀው መገጣጠሚያው ላይ ነውና። ሲሊኮን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠራል። የጥጥ ሞፕ ከታጠበ በኋላ መቀቀል አለበት፣ ከዚያም እስከ ውስጡ ድረስ ይድረቅ። ደርቆም የሚሸት ከሆነ ጨርቁን ቀይሩት።