ቢልድ እምቢ ያለን ፓኬጅ ጊዜው ያለፈበትን ፊቸር አውጥቶ እንዴት ማስተካከል ይቻላል

ትናንት በሰላም ቢልድ ይደረግ (ከሶርስ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀየር) የነበረ ፓኬጅ፣ ኮዱን ማንም ሳይነካው ዛሬ እምቢ ካለ፣ ሰበቡን ፓኬጁ በሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጠሯቸው የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ውስጥ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ታድሶ፣ ፓኬጁ የሚጠራው አሮጌ ፋንክሽን ከውስጡ ወጥቶ ነው። እዚህ የማሳያችሁ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ ያለ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈና ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ የሚጠቀም የቆየ ፕሮግራም ሲገጥም የሚደረገውን ነው። የትእዛዝና የፋንክሽን ስሞችን በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

1. ሎጉን ከላይ ወደ ታች አንብቡ

ቢልዱ የሚያወጣው ጽሑፍ (ሎጉ) መጨረሻ ላይ «ሜክ፦ ኤረር 1» የሚለው መስመር ሥራው መቆሙን እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ኤረር ያዙ። በእኛ ምሳሌ ሊንከሩ (ኮዱን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ብሎ «ኤስኤስኤልቪ3_ክላየንት_ሜተድ» የሚል ስም ይጠራል። ፋንክሽኑ ተጠርቷል፣ ላይብረሪው ውስጥ ግን የለም ማለት ነው። ጂሲሲ የተባለውን የሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ቨርዥን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ቨርዥኑን የምትጠቀሙ ከሆነ ሊንከሩ ጋ እንኳ አትደርሱም፤ ያልታወጀ ፋንክሽን መጥራት ድሮ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፣ አሁን ኤረር ነው።

2. ፊቸሩ ለምን እንደወጣ እወቁ

ኤስኤስኤል 3 እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የምስጠራ ፕሮቶኮል ነው። በ2014 የጉግል ተመራማሪዎች «ፑድል» የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረጉ፤ በ2015 አርኤፍሲ 7568 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ፕሮቶኮሉን ማንም እንዳይጠቀምበት ከለከለ፤ በ2016 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ደግሞ ሆን ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር ከነፋንክሽኖቹ አያካትተውም። ስለዚህ ማሽናችሁ ላይ የጎደለ ነገር የለም፤ «የትኛውን ፓኬጅ ልጫን» እያላችሁ አትድከሙ። አሮጌውን ኦፕንኤስኤስኤል መልሶ መጫንም ቢልዱን ያሳልፈው ይሆናል፣ ግን ለአንድ ፕሮግራም ብላችሁ ቀዳዳው የታወቀ ላይብረሪ ታስገባላችሁ።

3. ሁሉንም ቦታ ፈልጉ

ከመንካታችሁ በፊት የፕሮጀክቱን ዋና ሪፖዚተሪ እዩ፤ ሌላ ሰው አስተካክሎት ከሆነ ያንን ፓች (የለውጥ ፋይል) መውሰድ ይበልጣል። ከሌለ በፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ በሚፈልገው «ግሬፕ» ትእዛዝ ሙሉውን ፎልደር አስሱ። የፊቸሩ ስም ከሲ ፋይሎቹ ሌላ በኮንፊገር ስክሪፕቱ፣ በቴስቶቹ፣ በማኑዋሉና «ሄልፕ» ሲባል በሚወጣው ጽሑፍ ውስጥም አለ።

4. ኮዱን አውጡ፣ ግን በዝምታ አይሁን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ ፋንክሽኑ የተጠራበትን መስመር በ«ኢፍዴፍ» (ኮዱ በሁኔታ ብቻ እንዲካተት በሚያደርግ መመሪያ) መሸፈን ነው፣ ቢልዱም ያልፋል። ነገር ግን ተጠቃሚው ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ኤስኤስኤል 3» ብሎ ጽፎ ከነበረ ፕሮግራሙ አማራጩን እሺ ብሎ ይቀበልና፣ «ሜተድ» የሚለው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ዋጋ ሳይሰጠው ይቀራል። ቢልድ ላይ የነበረው ችግር ተጠቃሚው ማሽን ላይ ክራሽ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው ጥሪውን ጨርሶ ማጥፋትና የአማራጩን ስም ብቻ ማስቀረት ነው። አማራጩን የሚያነበው ኮድ ያንን ስም ሲያገኝ «ኤስኤስኤል 3 ከአሁን በኋላ አይሠራም፤ ከኮንፊግ ፋይሉ ያውጡት» የሚል መልእክት አሳይቶ ይቁም። በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ፕሮቶኮል ዞሮ መቀጠል የለበትም፤ ተጠቃሚው የመረጠው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ይሆናል። ለቀሪው ግንኙነት ኤስኤስኤልን የተካው ፕሮቶኮል ቲኤልኤስ ስለሆነ «ቲኤልኤስ_ክላየንት_ሜተድ»ን ጥሩ፤ ሁለቱ ወገኖች የሚግባቡበትን ከፍተኛ ቨርዥን ራሱ ይመርጣል። ዝቅተኛውን ገደብ «ኤስኤስኤል_ሲቲኤክስ_ሴት_ሚን_ፕሮቶ_ቨርዥን» በሚለው ፋንክሽን ቲኤልኤስ 1.2 ላይ አድርጉት። ኤስኤስኤል 3 ብቻ ከሚያውቅ አሮጌ ዕቃ ጋር ፕሮግራሙ ከእንግዲህ አይገናኝም።

5. ለውጡን ፓች አድርጉ

ዴቢያን ውስጥ ዋናውን ሶርስ በቀጥታ አንለውጥም፤ ለውጡ ፓቾችን በቅደም ተከተል በሚይዘው «ኪልት» በተባለ መሣሪያ ፓች ሆኖ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ «ኪልት ኒው» ብላችሁ ፓቹን ሰይሙ፣ «ኪልት አድ» ብላችሁ ፋይሉን አስመዝግቡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፋይሉን ቀይሩ፣ በመጨረሻ «ኪልት ሪፍሬሽ»። ፋይሉን ሳታስመዘግቡ ከቀየራችሁት ለውጡ ፓቹ ውስጥ አይገባም። ፓቹ አናት ላይ ምን እንደወጣና ለምን እንደወጣ በሁለት መስመር ጻፉ።

6. በንጹሕ ቦታ ቢልድ አድርጉ

ፓኬጁን ከማሽናችሁ በተለየ ንጹሕ ቦታ ቢልድ የሚያደርጉትን «ኤስቢልድ» ወይም «ፒቢልደር» ተጠቀሙ፤ የራሳችሁ ማሽን ላይ የቀረ አሮጌ ላይብረሪ ሊያታልላችሁ ይችላል። ካለፈ በኋላ ፕሮግራሙ የሚጠራቸውን የፋንክሽን ስሞች የሚዘረዝረውን «ኤንኤም»ን በትልቁ «ዲ» አማራጭ ፕሮግራሙ ላይ አስኪዱት፤ የኤስኤስኤል 3 ፋንክሽን ስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖር የለበትም። የድሮውን አማራጭ የያዘ ኮንፊግ ፋይልም ሰጥታችሁ ሞክሩት፤ መልእክቱ ወጥቶ ፕሮግራሙ በሥርዓት መቆም አለበት።

ለውጡን ቼንጅሎግ ላይ መዝግቡ፣ ተጠቃሚዎች ሲያሻሽሉ እንዲያዩት «ኒውስ» ፋይሉ ላይም ጨምሩት፤ ፓቹን ደግሞ ለዋናው ፕሮጀክት ላኩላቸው።